በመሣሪያና በፕሮግራም መካከል ስለሚቆመው መልእክተኛ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)






በዛሬው በዓል በተማሪዎች ስም ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፣ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ጊዜ አጠቃቀም እናገራለሁ ብለው ጠብቀው ነበር። እነዚህ መልካም ርእሶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ በየዓመቱ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ስለሚናገሩባቸው፣ እኔ የመረጥሁት ብዙ ሰው የማያየውን አንድ ሠራተኛ ነው። ይህ ሠራተኛ ደመወዝ የለውም፤ የሚያመሰግነውም የለም፤ የሚታወሰው ሥራውን ያቆመ ቀን ብቻ ነው። ስሙ ድራይቨር ይባላል። መኪና የሚነዳውን ሰው ማለቴ አይደለም። በኮምፒዩተር ውስጥ ሆኖ መሣሪያዎቹን፣ ይኸውም ኪቦርዱን፣ ማውሱን፣ ካሜራውንና የመሳሰሉትን፣ እኛ ከምንሠራባቸው ፕሮግራሞች ጋራ የሚያገናኘውን ረቂቅ ሥራ ማለቴ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ዕውቀቴን ለማሳየት አይደለም። ይህን ጉዳይ ባለማወቄ አንድ ልጅ በድያለሁና፣ በደሌን በሰው ፊት ለመናገር፣ ሌላውም እንደ እኔ እንዳይሳሳት ለማስጠንቀቅ ነው። ስለዚህ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ጥር ወር የተመራቂዎችን የስም ዝርዝር በኮምፒዩተር እንድጽፍ ታዘዝሁ። የምሠራበትም ኮምፒዩተር አሮጌ ሆኖ፣ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠራ ነው። ሁለት ቀን በደኅና ጻፍሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገብቼ «ወግዲ» ብዬ ለመጻፍ ቁልፎቹን ብመታ፣ የወጣው አምስት የላቲን ፊደል ሆነ። ደግሜ መታሁ፤ ያው ነው። አጥፍቼ አበራሁት፤ አሁንም ያው ነው።

በምሳ ሰዓት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ብጠይቅ፣ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው አሉኝ። ልጁ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ካለ ቀበሌ በየሳምንቱ ስንቁን ተሸክሞ እየመጣ፣ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ነው። ኮምፒዩተር መንካት ከጀመረ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። አስጠርቼ፣ «ምን አድርገህ ነው?» አልሁት። «ምንም አላደረግሁም፤ ሁለት ቁልፍ ባንድነት ተጫንሁ መሰለኝ» አለኝ። «እንግዲያውስ ኪቦርዱን ያበላሸኸው አንተ ነህ» አልሁና ነገሩን ለክፍሉ ኃላፊ ነገርሁ። ልጁም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል እንዳይገባ ተከለከለ። አልተከራከረም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጓደኞቹ ሲሠሩ እርሱ በመስኮት በኩል ቆሞ ሲያይ አየው ነበር።

እንደዚያ ለመፍረድ ያደረሰኝን አሁን ሳስበው፣ ስሕተቴ የመጣው ከልጅነቴ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በዚያ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ነበር። በጽሕፈት መኪና ቁልፍና ፊደል በብረት የታሰሩ ናቸው። ቁልፉን ስትመቱ የብረቱ ክንድ ተነሥቶ፣ ጫፉ ላይ የተቀረጸውን ፊደል በወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። የወጣው ፊደል ሌላ ከሆነ የተበላሸው ብረቱ ነው፤ ሌላ ተጠያቂ የለም። እኔም ኮምፒዩተርን እንደ ጽሕፈት መኪና ቈጠርሁት። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በኮምፒዩተር በቁልፉና በፊደሉ መካከል ረጅም መንገድ አለ። ያን መንገድ አሁን አብረን እንሂድበት።

አስቀድመን ልናውቅ የሚገባን፣ የኮምፒዩተር ግዛት ለሁለት አገር የተከፈለ መሆኑን ነው። አንደኛው አገር ከርነል ይባላል። ከርነል ማለት የሥርዓቱ እምብርት ሲሆን፣ ማኅደረ ትውስታውንና መሣሪያዎቹን ሁሉ የሚያዝዝ እርሱ ነው። አብዛኞቹ ድራይቨሮች የሚኖሩት በዚህ አገር ነው። ሁለተኛው አገር ዩዘር ስፔስ ይባላል፤ የተጠቃሚው አገር እንበለው። መጻፊያው፣ ሒሳብ መሥሪያው፣ ፎቶግራፍ ማሳያው፣ እኛ የምንከፍተውና የምንዘጋው ፕሮግራም ሁሉ በዚህ አገር ይኖራል። ከዚህ አገር ማንም ፕሮግራም ተነሥቶ መሣሪያን በቀጥታ መንካት አይችልም። ይህም ልማድ ብቻ ሳይሆን፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ በብረት የተጻፈ ሕግ ነው። ለምሳሌ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አራት የሥልጣን ደረጃዎች ሲኖሯቸው፣ ከርነል በደረጃ 0፣ ፕሮግራሞቻችን በደረጃ 3 ይሠራሉ። በደረጃ 3 ያለ ፕሮግራም ከተከለከለው ስፍራ እጁን ቢያስገባ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስቆመዋል።

እኛ የወግዲ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በምዕራባችን ዓባይ አለ፤ ማዶው ጎጃም ነው። ከዚህ ወዲያ ለመሻገር የሚፈልግ ሰው በፈለገው ገደል አይወርድም፤ በታወቀው መሻገሪያ ይሄዳል እንጂ። በቀድሞ ዘመን በነጋዴ መንገድ ላይ ኬላ ይቆም እንደ ነበረም ከሽማግሌዎች ሰምተናል። ነጋዴው ከኬላው ሲደርስ ይቆማል፤ ማን እንደ ሆነና ምን እንደ ጫነ ይጠየቃል፤ ከተፈቀደለት ያልፋል፤ ካልተፈቀደለት ይመለሳል። በሁለቱ የኮምፒዩተር አገሮች መካከል ያለው ኬላ «ሲስተም ኮል» ይባላል፤ ፕሮግራሙ ከርነልን የሚለምንበት ጥሪ ነው። ከዚህ ኬላ በቀር ፕሮግራም ከድራይቨር ጋራ የሚገናኝበት በር የለም።

እንግዲህ ድራይቨሩ ምን ይሠራል? ድራይቨር አስተርጓሚ ነው። መሣሪያ ሁሉ የራሱ ቋንቋ አለው፤ የአንዱ ፋብሪካ ካሜራ ከሌላው ጋራ አይመሳሰልም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ቋንቋ ይማር ቢባል፣ አንድ ፕሮግራም ጽፎ የሚጨርስ ሰው ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ ድራይቨሩ የመሣሪያውን ቋንቋ ተምሮ፣ ለፕሮግራሞቹ ሁሉ በአንድ በታወቀ ቋንቋ ይነግርላቸዋል።

ምሳሌውን ከኪቦርዱ ልውሰድ። በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካ ኪቦርድ ደብልዩ የተባለውን ቁልፍ ስንጫን፣ «ደብልዩ» ብሎ አይጮኽም። የሚልከው ቁጥር 26ን ነው። ይህ አቆጣጠር የላቲንን የፊደል ተራ የተከተለ ሲሆን፣ ኤ 4፣ ቢ 5 እያለ ደብልዩ ላይ ሲደርስ 26 ይሆናል። የሊኑክስ ድራይቨር ይህን ተቀብሎ ወደ 17 ይለውጠዋል። የሊኑክስ አቆጣጠር የቁልፎቹን ረድፍ ስለሚከተል፣ ኪው 16፣ ጎረቤቱ ደብልዩ 17፣ ቀጥሎ ያለው ኢ 18 ነው። ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ ፊደል የለም። ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ድራይቨሩ ላቲንን አያውቅም፤ አማርኛንም አያውቅም። እርሱ የሚያውቀው የትኛው ቁልፍ መቼ እንደ ተጫነና መቼ እንደ ተለቀቀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን፤ ድራይቨሩና ፕሮግራሙ በምን መንገድ ይነጋገራሉ? መንገዶቹ ብዙ ናቸው፤ እኔ አምስቱን ብቻ አነሣለሁ።

አንደኛው መንገድ በፋይል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ሲጀምሩ፣ አንድ ብልሃት ይዘው ተነሡ፤ ይኸውም መሣሪያን እንደ ፋይል ቈጥሮ ስም መስጠት ነው። በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ዴቭ የሚባል አንድ ማኅደር አለ፤ በውስጡ የመሣሪያዎቹ ስም ተደርድሯል። እያንዳንዱ ስም ሁለት ቁጥር አለው፤ የፊተኛው የትኛው ድራይቨር እንደሚመለከተው፣ የኋለኛው ደግሞ በዚያ ድራይቨር ሥር ስንተኛው መሣሪያ እንደ ሆነ ይናገራል። በእኛ ትምህርት ቤት «የስንተኛ ክፍል ነህ? ተራ ቁጥርህስ?» እንደሚባለው ማለት ነው። የኪቦርድና የማውስ ወገን የክፍሉ ቁጥር 13 ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን «ክፈት» ይላል፤ ቀጥሎ «አንብብ» ወይም «ጻፍ» ይላል፤ ሲጨርስ «ዝጋ» ይላል። አራት ቃል ብቻ ናቸው፤ በእነዚህ አራት ቃላት ግን ከብዙ ዓይነት መሣሪያ ጋራ መነጋገር ይቻላል።

ንግግሩም ወደ አንድ ወገን ብቻ አይሄድም። ትልልቁን ፊደል የሚያስይዘውን ካፕስ ሎክ ስትጫኑ በኪቦርዱ ላይ የምትበራውን ትንሽ መብራት አይታችኋል። እርሷን የሚያበራት ቁልፉ ራሱ አይደለም። ትእዛዙ ከኮምፒዩተሩ ወደ ኪቦርዱ ተመልሶ ሲመጣ ነው የምትበራው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «አንብብ» ሲባል ከርነሉ የራሱን ጆንያ ለፕሮግራሙ አያስረክብም። ከራሱ ጆንያ ሰፍሮ ወደ ፕሮግራሙ ጆንያ ይገለብጥለታል እንጂ። ከመገልበጡም በፊት፣ የተዘረጋው ጆንያ በእውነት የዚያ ፕሮግራም መሆኑን ይመረምራል። ይህ ባይሆን፣ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ጆንያ «የኔ ነው» ብሎ ሊያስሞላ ወይም የከርነሉን ጎተራ ሊያስገለብጥ ይችል ነበር።

ሁለተኛው የመጠበቅ ሥርዓት ነው። ሰው በሁለት ቁልፍ መካከል ቢያንስ የሰከንድ ሽራፊ ያርፋል፤ ለኮምፒዩተር ግን ይህ እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ በዚህ መካከል «መጣ? መጣ?» እያለ ቢጠይቅ፣ ተማሪ ትምህርቱን ትቶ በየደቂቃው እየወጣ «ዕረፍት ደረሰ ወይ?» እንደሚል ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሙ «የሚነበብ ነገር ሲመጣ ቀስቅሱኝ» ብሎ ይተኛል። መሣሪያው መልእክቱን ሲያደርስ ለፕሮሰሰሩ ደወል ይደወላል፤ ይህ ደወል ኢንተራፕት ይባላል። ከርነሉ ደወሉን ሰምቶ ድራይቨሩን ይጠራል፤ ድራይቨሩም መልእክቱን ይቀበላል፤ የተኛውም ፕሮግራም ይቀሰቀሳል። ኮምፒዩተር ብዙ ፕሮግራሞችን ባንድነት ማስተናገድ የሚቀለው፣ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች እንዲህ ደወል እየጠበቁ ስለሚተኙ ነው።

ሦስተኛው ልዩ ትእዛዝ ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይበቃው ጉዳይ፣ ለምሳሌ ካሜራውን «ሥዕሉን በዚህ መጠን አንሣ»፣ ኪቦርዱን «ስምህ ማን ነው?» ለማለት፣ «አይኦክትል» የሚባል ጥሪ አለ። ይህ ከእህሉ ጋራ ሳይደባለቅ ለብቻው እንደሚላክ ደብዳቤ ነው።

አራተኛው የጋራ አውድማ ነው። ከኪቦርድ የሚመጣው ጥቂት ስለ ሆነ ሰፍሮ መገልበጡ አይከብድም። ካሜራ ግን እንዲህ አይደለም። ስፋቱ 640፣ ቁመቱ 480 ነጥብ የሆነ አንድ ሥዕል፣ በየነጥቡ 2 ባይት ቢይዝ፣ 614,400 ባይት ይሆናል፤ በሰከንድ 30 ሥዕል ቢመጣ ከ18 ሚሊዮን ባይት ይበልጣል። ይህን ሁሉ ከጆንያ ወደ ጆንያ ከመገልበጥ ይልቅ፣ ድራይቨሩና ፕሮግራሙ ሁለቱም የሚያዩት አንድ የማኅደረ ትውስታ ክፍል ይከለላል። ድራይቨሩ ሥዕሉን በዚያ ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙም በዚያው ያነበዋል። ኬላው ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አውድማውን ለመከለልና «አሁን ተራው ያንተ ነው» ለመባባል ብቻ ነው።

አምስተኛው አዋጅ ነው። ፍላሽ ስትሰኩ ኮምፒዩተሩ ሳትነግሩት የሚያውቀው፣ ከርነሉ እንደ ቀድሞ አዋጅ ነጋሪ «አዲስ መሣሪያ መጥቷል!» ብሎ ስለሚያሳውጅ ነው። በተጠቃሚው አገር ይህን አዋጅ የሚጠባበቅ አንድ ፕሮግራም አለ። እርሱም ሰምቶ ለመሣሪያው ስም ይሰጠዋል፤ ማን ሊያነበው እንደሚፈቀድለትም ይወስናል።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከተገኘ የመማሪያ ጽሑፍ ይህን ዛሬ የነገርኋችሁን መንገድ አነበብሁ። አንብቤም አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ «መንገዱ ይህን ያህል ረጅም ከሆነ፣ መልእክቱ የቆመው የት ላይ ነው?» አልሁ። የኪቦርዱን ፋይል ለመክፈት ሞከርሁ። የተሰጠኝ መልስ «አልተፈቀደም» የሚል ነው። መጀመሪያ ተናደድሁ፤ በኋላ ግን ትክክል መሆኑን ተረዳሁ። ማንኛውም ፕሮግራም የኪቦርዱን ፋይል እንደ ልቡ ማንበብ ቢችል፣ ሰው የሚመታውን የምስጢር ቃል ሁሉ ያነብ ነበር። ኬላው የቆመው እኛን ለመጠበቅ ነው።

ስለዚህ ወደ አይሲቲ መምህራችን ሄድሁና ነገሩን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ሳይሰለቹ አብረውኝ መጥተው፣ በሥልጣናቸው ፋይሉን ከፈቱልኝ። የኪቦርድን መልእክት እንደ መጣ የሚያሳይ ኢቪቴስት የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እርሱን አስነሡና «በል ምታ» አሉኝ። «ወግዲ» ለማለት የሚመቱትን አምስት ቁልፎች፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ፣ አይ ብዬ መታሁ። ቁጥሮቹ ተራ በተራ ወጡ፤ 17፣ 18፣ 34፣ 32፣ 23። በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የተጻፈበት ጊዜ አለ፤ ቁልፉ ሲጫን 1፣ ሲለቀቅ 0 ይላል፤ ከመልእክቱም በኋላ እንደ አራት ነጥብ ሆኖ «ይህ እዚህ ላይ ተፈጸመ» የሚል ምልክት ይከተላል። አንድም ቁጥር አልጎደለም፤ አንድም አልተዛባም።

መምህራችን ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «እንግዲህ ኪቦርዱ ተበላሽቷልን?» አሉኝ። «አልተበላሸም» አልሁ። «ድራይቨሩስ?» «እርሱም መልእክቱን በታማኝነት አድርሷል።» «እንግዲያው ጥፋቱ የት ነው?» የምመልሰው አጣሁ። ጥፋቱ ከኬላው ወዲህ፣ በእኛ ወገን ነበር። በተጠቃሚው አገር ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው ፕሮግራም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተዛውሯል። የሚዛወረውም ሱፐር የሚባለውን ቁልፍ ከክፍተት ቁልፉ ጋራ ባንድነት ሲጫኑ ነው። ልጁ «ሁለት ቁልፍ ባንድነት ተጫንሁ» ያለኝ እውነቱን ነበር። መምህራችን ሁለቱን ቁልፎች ዳግመኛ ተጫኑ፤ እኔም መታሁ፤ «ወግዲ» የሚለው በመስኮቱ ላይ ወጣ። ለዚህች ለአንዲት ሰከንድ ሥራ አንድ ልጅ ሦስት ሳምንት ከደጅ ቆሟል።

ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት አገኘሁ።

የመጀመሪያው ስለ ፊደላችን ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙበትን ዘመን እናስብ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነዚህን ሃምሳ በማይሞሉ ቁልፎች ለማስገባት መኪናውን ራሱን መለወጥ፣ ብረቱን መቅረጽ ያስፈልግ ነበር። በኮምፒዩተር ግን ድራይቨሩ ቁጥር ብቻ ስለሚያቀብል፣ ለአማርኛ ሲባል ኪቦርዱን መለወጥ፣ የፋብሪካውንም ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ፊደሉ የሚወለደው ከኬላው ወዲህ፣ ማንም ተማሪ ፕሮግራም ሊጽፍበት በሚችለው አገር ነው።

እንዲህም ሆኗል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የኢትዮጵያን ፊደል በላቲን ቁልፎች የመጻፍ ሥርዓት አዘጋጁ። የሥርዓቱ ስም ሴራ ይባላል፤ ስሙ ሴራ ቢሆንም ተንኮል የለበትም። በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ ፊደላችንን አስገባ፤ ሀ 4608ኛ ሆና ተመዘገበች። በሴራ ሥርዓት ደብልዩ ሲመታ መጀመሪያ ው ይወጣል፤ ቁጥሩ 4813 ነው። ኢ ሲከተለው ፕሮግራሙ ው የሚለውን አንሥቶ ወ የሚለውን ይተካል፤ ቁጥሩ 4808 ነው። ጂ ሲመታ ግ፣ 4877፤ ዲና አይ ሲከተሉ ዲ፣ 4850። አምስት ቁልፍ ሦስት ፊደል ሆነ፤ የአገራችንም ስም ተጻፈ። ድራይቨሩ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ አለማወቁም ጉድለቱ ሳይሆን ጥበቡ ነው። መልእክተኛው የራሱን ቃል ስለማይጨምር፣ በዚያው ኪቦርድ አማርኛውም፣ ትግርኛውም፣ ዐረብኛውም ይጻፋል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ኃላፊነት ነው። በተጠቃሚው አገር ያለ ፕሮግራም ቢሳሳት የሚወድቀው እርሱ ብቻ ነው። በከርነል ውስጥ የሚኖር ድራይቨር ቢሳሳት ግን ኮምፒዩተሩን ሁሉ ይዞ ሊወድቅ ይችላል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓለም ይህን አይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጥበቃ ድርጅት በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ለሚሠራው ድራይቨሩ አንድ የተሳሳተ የመረጃ ፋይል ላከ፤ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ወደቁ፤ በብዙ አገሮች የአውሮፕላን በረራ ተሰረዘ፤ የሆስፒታል ሥራ ተስተጓጎለ። ስለዚህ በከርነል ውስጥ መግባት የሌለበት ሥራ ሁሉ ከኬላው ወዲህ እንዲሠራ ብልሆች ይመክራሉ። ከፍ ባለ ስፍራ የተቀመጠ ሰው ስሕተቱ ለብዙዎች እንደሚተርፍ፣ እኔም በትንሿ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ታላቅ ተማሪ በመሆኔ ብቻ ቃሌ ተሰማ፤ የልጁ ቃል ግን አልተሰማም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ይህ ጉዳይ የጥቂት ተማሪዎች ጨዋታ መስሎ እንዳይታያችሁ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወረቀቱ ጎን በኮምፒዩተርም መሰጠቱን ታውቃላችሁ። ልጆቻችሁ መሣሪያውን ሳይፈሩ መንካት ሊለምዱ ይገባል። የነካ ሁሉ «አበላሸህ» የሚባል ከሆነ ግን ማንም አይነካም፤ ያልነካም አይማርም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ዕቃ አልሠራ ሲላችሁ መንገዱን ከመነሻው ጀምራችሁ ጠይቁ። መሣሪያው መልእክቱን ልኳልን? ድራይቨሩ ተቀብሏልን? ኬላው ፈቅዷልን? ፕሮግራሙ የሰማውን በትክክል ተርጉሟልን? ይህን ሳትጠይቁ ዕቃውን አትጣሉ፤ ይልቁንም በሰው ላይ አትፍረዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ሳይመረምሩ መፍረድ ኃጢአት እንደ ሆነ ተምሬ ነበር፤ የገባኝ ግን በኮምፒዩተሩ ፊት ቆሜ እነዚያን አምስት ቁጥሮች ባየሁ ጊዜ ነው።

ያ ልጅ ዛሬ በዚህ ስብሰባ መካከል ተቀምጧል። እንዳያፍር ስሙን አልጠራም። በዚያው ቀን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱም «ምንም አይደል» ብሎኛል። ነገር ግን የከሰስሁት በሰው ፊት ስለ ሆነ፣ ይቅርታውም በሰው ፊት ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ እነሆ፣ በእናንተ ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። በዚህ መጽሔት መጨረሻ የምታነቡትን የተመራቂዎች ስም ዝርዝር የጻፍነው ሁለታችን ነን። እኩሌታው በእኔ ጣት፣ እኩሌታው በእርሱ ጣት የተመታ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ስሕተት የበዛው በእኔ እኩሌታ ነው።